ከደብዳቤሽ የዘለልኩት መስመር

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የሞስኮው በረዶ አለፈልሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም አሁን ደህና ናቸው። ይህን የምጽፈው «አሁን» ያልኩበትን ምክንያት ልነግርሽ ነው።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሣጥን ደረሰኝ። እንደ ልማዴ ለእናትሽ ለእትዬ ዘርፈሽዋል ላነብላቸው በጭነት መኪና ወደ ጎረቤላ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ግን ቀድሜ ለራሴ አነበብኩት። የምትሠሩበት ሳተላይት ከዓለም መጀመሪያ የተረፈውን ደካማ ሙቀት ከየአቅጣጫው እንደሚለካ፣ የምትፈልጉት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ እንደሚያንስ፣ መሣሪያው ራሱ ጥቂት ከሞቀ የራሱን ሙቀት የሰማይ አስመስሎ እንደሚመዘግብ ጽፈሻል። አለቆችሽ ለወራት የተደሰቱበት ምልክት ፀሐይ የመሣሪያውን ጎን ስታሞቀው የመጣ ኖሯል። ያንን ስህተት ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ስምሽም ከነሱ ስም ጋር ሊታተም ነው።

ቀናሁ። ተማሪ ሳለን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ስለ ሙቀት ያስረዳሁሽ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ለሰባ ተማሪ አንድ ቴርሞሜትር ይዤ አስተምራለሁ።

እናትሽ ፊት ስቀመጥ «መሣሪያው ላይ ስህተት ተገኘ» የሚለውን አነበብኩ፤ «ያገኘሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ዘለልኩት። የሷ ሥራ ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሙቀቱን የምትጠብቀው እሷ ናት አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

እዚህ ስህተት ተገኘባት ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። እህል አልወርድ አላቸው። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው፣ ልጄ ሥራው ይቅርብሽ፣ ታምሜአለሁና ቶሎ ነይ ብለሽ ጻፊልኝ አሉኝ። ጻፍኩላቸው። የጣት አሻራቸውን አደረጉበት።

ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ተመልሰሽ ከጎኔ ጠመኔ ይዘሽ ስታስተምሪ ታየኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ። ደብዳቤውን ቀደድኩና በማግስቱ ጎረቤላ ሄድኩ።

ያንቺን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ የዘለልኩትንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ይቅርታ የሚገባሽስ አንቺ ነሽ አሉኝ። «ያኔ ለውጭ አገር ትምህርት የተመረጡትን ስም የጻፈው ወንድሜ ኪዳነ ማርያም ነበር፣ አንደኛ የወጣችው ግን...» ብለው አቆሙ። እሳቸው አልጨረሱትም፤ እኔም ይጨርሱት አላልኳቸውም። ሳሙኝና ተለያየን።

እንግዲህ እህቴ፣ ፈጣሪ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ስምሽን ያስጠራው፤ ለእናትሽ በጤና ያብቃሽ። ለእሳቸው ፎቶግራፍ ላኪላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የኔን መልስ ግን ለብቻው በሌላ ፖስታ ጻፊልኝ። ረጅም ባይሆንም ግድ የለም። አጎትሽ ያደረገውን ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም ነበር?

አሁንም የምትቀናብሽ
ጓደኛሽ