ባቡሩ እስኪመጣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ፌርማታ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ባርኔጣ፣ ቅጽ፣ እርሳስ፣ የእጅ መቁጠሪያ። ሰው አውቶቡስ ላይ በወጣ ቁጥር አውራ ጣቴ ቀጭ… ቀጭ። የቀላል ባቡሩ ጥናት ቢሮ ከቀጠረኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁንማ ቤቴም ስገባ ደረጃ እቆጥራለሁ። ምን ነካኝ?

መስመሩ እኛ ሰፈር ድረስ እንዲመጣ በአንድ ጠዋት ዘጠኝ መቶ ተሳፋሪ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ሦስት ፌርማታ ቀደም ብሎ ያበቃል። ያውም ከተሠራ ነው።

እማዬ ባቡሩ ይመጣል ከተባለ ጀምሮ እየጠበቀች ነው። አራት ዓመቷ። አክስቴ የምትኖረው በመስመሩ በወዲያኛው ጫፍ ነው። የተኳረፉት በአያቴ የልብስ ስፌት ማሽን ነበር… አክስቴ ወሰደችው፣ እማዬ እግሯን ሰበሰበች። ኩርፊያው በርዷል፤ መሄዱ ግን የለም። "ጉልበቴ ሁለት አውቶቡስ አይችልም፤ ባቡሩ ሲመጣ እሄዳለሁ" ነው መልሷ። ለዚያ ቀን የገዛችው ሰማያዊ ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም።

ራት ላይ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ።

"እንቁላሉማ ሄዶ ተመልሷል፤ ባቡሩ ነው የቀረው!"

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የኛ ሰፈር ፌርማታ የሚቆጠረው ማክሰኞ ነው። ቆጣሪዋም እኔው። ለእማዬ ብቻ ነገርኳት። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብዬ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እማዬ የነገረችው ለባለሱቁ ብቻ ነው። ባለሱቁም ለደንበኞቹ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጉድ! ሰፈሩ በሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፌርማታ ላይ። ጡረተኛው አስተማሪ ከረባቱን አስሮ። ፀጉር ሠሪዋ ከነደንበኛዋ፣ ደንበኛዋ ከነቢጎዲኗ! ይሳፈራሉ፣ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ፣ በአቋራጩ ዳገት ተመልሰው ይሰለፋሉ። ባለሱቁ ሲያልፍ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ጠቀሰኝ። እኔ የማላውቃቸው መስዬ ቀጭ… ቀጭ።

ሾፌሩ ግራ ገባው። "እናንተ ሰዎች፣ ከአንድ ፌርማታ ሌላ አገር አታውቁም?"

እማዬስ! መጀመሪያ በነጭ ሻሽ። ቀጥሎ በጥቁር። ቀጥሎ በጎረቤታችን ቀይ ሻሽ። ከዚያ መነጽር ጨመረች። በስድስተኛው "እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ" አለችኝ፣ ዛሬ ገና እንዳየችኝ ሁሉ። ቅጹን ፊቴ ላይ ደፍቼ ሳቅኩ።

1,143።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አላስረከብኩትም። እንዲሁ ብሰጠውስ? ማን ያውቃል? ባቡሩ ይመጣል፣ እማዬ ቀሚሷን ትለብሳለች… ግን ሌላውም ሰፈር እኮ እየጠበቀ ነው። እነሱን በቢጎዲንና በሻሽ ልቅደማቸው?

በመጨረሻ "አስተያየት" በሚለው ቦታ ጻፍኩ፦ "ብዙዎቹ ደጋግመው የተሳፈሩ ናቸው። አንዷ ስድስት ጊዜ። የሚሄዱበት አልነበራቸውም። በማለዳ የወጡት ባቡሩን ምን ያህል እንደሚፈልጉ ሊነግሯችሁ ነው። ባለ ስድስቷ እናቴ ናት።"

አስረከብኩ። 

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የጥናት ቢሮው መሐንዲስ አስጠሩኝ። በቃ ተባረርኩ ብዬ ገባሁ። አስተያየቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ስድስት ጊዜ?"

"ስድስት።"

ሳቃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አልተባረርኩም። ቆጠራው ግን ይደገማል፤ በሌላ ሰው፣ ቀኑ ሳይነገር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ትናንት ደግመው ቆጥረዋል። 587። መስመሩ ከኛ ሦስት ፌርማታ ቀድሞ ያበቃል። ካርታው ላይ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በነጠብጣብ ብቻ ተሠምሯል፣ አጠገቡ "ወደፊት የሚታይ" ተብሎ። መቼ? መሐንዲሱም አያውቁም።

ሰፈሩ ሰምቷል። ባለሱቁን አሥር እንቁላል ስጠኝ ብለው "አንቺው ቁጠሪ፣ እኔ አላምንም" አለኝ። ግን እየሳቀ ነው። አንድ መርቆልኛል።

እማዬ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ቀሚሱን አውጥታ አየችው፣ መልሳ ሰቀለችው። አንጀቴን በላችው። ምነው ዝም ብዬ ባስረከብኩት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ደረጃ እየቆጠርኩ ስወጣ፣ ስድስተኛው ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስድስት! እማዬ በአንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ አውቶቡስ ላይ ወጥታ ወርዳለች። ያንን ዳገት በእግሯ እየተመለሰች! አክስቴ ቤት እኮ ሁለት አውቶቡስ ነው።

ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ አገኘኋት። "እማዬ፣ ስድስት የቻለ ጉልበት ሁለት እንዴት ያቅተዋል?"

ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ጉልበቴማ ደኅና ነው… ምን ብዬ ልግባ? ባቡሩ ቢመጣ፣ እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው እል ነበር።"

እኔ ባቡር የምትጠብቅ መስሎኝ… ለካ ሰበብ ነው ስትጠብቅ የኖረችው። አቀፍኳት። ድንች ድንች ትሸት ነበር።

"ቅዳሜ እንሄዳለን።"

"በምን?"

"በሁለት አውቶቡስ!"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሰች። ጠርዙ መሬት ይጠርጋል። ሾፌሩ ገና ሲያያት "እማማ፣ ዛሬም ቀጣዩ ፌርማታ ነው?" አላት።

"ዛሬ እስከ መጨረሻው ነኝ!"

ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ እጄን ይዛ አልለቀቀችም። አክስቴ በሩን ከፈተች።  አክስቴ አይኗን ከእማዬ ፊት ወደ ቀሚሱ አወረደች።

"ይሄን ጠርዝ ምን ብለሽ ነው እንዲህ የተውሽው?"

"ማሽኑ አንቺ ጋ ነው።"

አለቀልን አልኩ በልቤ። አክስቴ ግን በሩን ወለል አደረገችው።

"ግቢ። አውልቂው።"

እማዬ የአክስቴን ሹራብና ቀሚስ ለብሳ አጠገቧ ተቀመጠች። የአያቴ ማሽን መስኮቱ ሥር ይንኳኳል። አክስቴ ከስፌቱ ቀና ሳትል፣ "ለመሆኑ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው?"

"ባቡር ስጠብቅ።"

ማሽኑ ቆመ። መጀመሪያ አክስቴ ሳቀች፣ ከዚያ እማዬ። እንባቸውን የጠረጉት በዚያው በሰማያዊው ቀሚስ ጠርዝ ነው።