ሞዴል 19 የተቆረጠበት የወንድሜ ጫማ

ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ በር የቲያትርና ባህል አዳራሽ
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ አቶ መንግሥቱ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ አዝመራ ገረመው
አድራሻ፦ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ

ጉዳዩ፦ በአዳራሹ ንብረትነት ተመዝግቦ የተያዘ አንድ ጥንድ ቡናማ የወንድ ጫማ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በቃል ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ አንድ ጊዜ ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ ይህን ሁለተኛ ማመልከቻ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ "ማን እንደሆኑና ነገሩ ከየት እንደጀመረ በዝርዝር ካልጻፉ ኃላፊው አይመሩበትም" ስላሉኝ ይህኛው ረዝሟል። ክቡርነትዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ማንነቴን በተመለከተ። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ ያለውን የተማርኩት ለውዝ ከምጠቀልልበት ወረቀት ነው። ሰሚት ታክሲ ተራ ጋ አሥራ አንድ ዓመት ለውዝና ቆሎ ስሸጥ መጠቅለያውን አሮጌ ዕቃና ወረቀት ከሚሰበስቡት ቅራሌዎች በኪሎ እገዛ ነበር። የተማሪ ፈተና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ፣ የስብከት መጽሔት፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣው መግለጫ ሳይቀር ሳላነብ የጠቀለልኩት የለም። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ተራ በጠበቀ ቁጥር "እትዬ፣ መጀመሪያ ለውዙን ስጪኝ፤ ፈተናሽን በኋላ ትጨርሺዋለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይህ ሹፌር ታናሽ ወንድሜ ኢዩኤል ገረመው ነው።

2. ግጥሙን በተመለከተ። በ2009 ዓ.ም. ከምገዛው ክምር ውስጥ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የተገነጠሉ ቅጠሎች ማግኘት ጀመርኩ። በስንኝ የተጻፈ ነው። አባ መብረቅ የሚባል የጦር አለቃ ሺህ ሰው አስከትሎ ወንዝ ተሻግሮ ይዘምታል፤ ሰባት ቀን ይዋጋል። ሽፋኑን አይቼው አላውቅም፤ የገጣሚውንም ስም አላውቅም ነበር። ቅራሌውን እየለመንኩ በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ቅጠል ሰበሰብኩ። የአብዛኞቹ የገጽ ቁጥር ያለበት ጥግ ተቀድዷል። እንደ አመጣጣቸው ደብተር ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳቸው። መጀመሪያ የመጣው የአባ መብረቅ ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ብቻውን ወደ ቤት የሚመለስበት ነው። መጨረሻ የመጣው አባ መብረቅ ሊዘምት ሲሰናዳ፣ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ስንቅ የምታቀብልበት ነው። ስለዚህ በእኔ ደብተር ታሪኩ ከባዶ ኮርቻ ይጀምርና ሰውየው ከነሕይወቱ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያልቃል። መካከሉ ላይ የጎደለው ብዙ ነው።

3. ተውኔቱን በተመለከተ። የለውዝ ቦታዬ ለመንገድ ሥራ ሲነሳ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የልጆች መጫወቻ መደብር በር ላይ ክላውን ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀይ አፍንጫ፣ ቢጫ ጠጉር፣ ሰፊ ሱሪ። በተፈጥሮዬ ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ይህ ሥራ ደግሞ አፍ አይፈልግም። ቆይቶም እንደ እኔው ክላውን ከሆኑት ከሰብሊ እና ከኤርሳዶ ጋር ሆነን በየኮንዶሚኒየሙ ልደት እንሠራ ጀመር። በእረፍታችን ደብተሩን አነብላቸው ነበር። አንድ ቀን ኤርሳዶ፣ "ይሄ አባ መብረቅ በውጊያው መሐል ጫማው ቢወልቅበትስ?" አለ። ሰብሊ፣ "ጫማው እስኪገኝ ጦርነቱ ይቆማላ" አለች። ተውኔቱ የተጀመረው በዚህ ነው። ያለውን ገጽ ሰብሊ ታነባለች። ገጹ የጎደለበት ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ክላውኖቹ እንገባለን። ኤርሳዶ ፈረሱንም ሚስቲቱንም ይሆናል። አባ መብረቅን የምጫወተው እኔ ነኝ። በሰባተኛው ቀን ውጊያ ጫማዬ ይወልቅና ወደ ሕዝቡ ይወረወራል። በቀኝ የተቀመጠው ተመልካች ወገን ነው፣ በግራ የተቀመጠው ጠላት ነው። ሁለቱም ከወንበራቸው ወርደው በወንበሮቹ ሥር እየዳኹ ጫማ ይፈልጉልኛል።

4. ጫማውን በተመለከተ። ቡናማ ቆዳ ነው፤ ቁጥሩ 44፤ የወንድሜ የኢዩኤል ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲዘምት የተሰጠውን ቡትስ አድርጎ ሄደ። ይህኛው ሶሉ ተላቅቆ ስለነበር "እትዬ፣ ሰይድ ጋ አሰፊልኝ፤ ስመለስ ሠርግ አለብኝ" ብሎ ተወልኝ። የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሰይድ ሳሊተ ምሕረት የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነው።

ከየካቲት 2014 ወዲህ የወንድሜን ድምፅ አልሰማሁም። ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ስሙ ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም። ሰው ያልተጫማው ቆዳ ስለሚደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ ቤት ውስጥ እጫማው ነበር። የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። ወንድሜ ፍሪሲዮን ሲረግጥ እግሩን ወደ ጎን ይጥል ስለነበር ነው። ጫማውን ያደረገ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ዘንበል እያለ ይሄዳል። የአባ መብረቅ አካሄድ ከዚህ የመጣ ነው። ተመልካቹ የሚስቅበትን አካሄድ እኔ አልፈጠርኩትም።

5. ጫማው ወደ አዳራሹ የገባበትን ሁኔታ በተመለከተ። ደብተሬን በያዝነው ዓመት በጥቅምት ወር ለአዳራሹ ገምጋሚ ኮሚቴ አቅርቤ ተውኔቱ ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት እንዲታይ ተፈቀደልን። ታኅሣሥ 12 ቀን መድረኩ ሊከፈት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የንብረት ክፍል ባልደረባው አቶ አብዲሳ በር ላይ አስቆሙን። "ወደ መድረክ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይመዘገባል፤ እዚህ ጋ ፈርሚና ቶሎ ግቢ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው" አሉኝ። መወልወያው፣ ባልዲውና ጫማው ተመዘገቡ። ፈረምኩ። ወረቀቱ ሞዴል 19 ነበር። ዕቃው ለአዳራሹ ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደረሰኝ ማለት ነው። እኔም አስረካቢ ተብዬ ተጽፌያለሁ። ማንበብ እችላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የለውዝ መጠቅለያ ሁሉ አንብቤ፣ ያን ቀን የፈረምኩበትን ሳላነብ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

ከትርዒቱ በኋላ ዕቃው እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ መጋዘን ይቆያል ተባለ። በሳምንቱ ጫማውን ስቀበል ተረከዙ ላይ በነጭ ቀለም "417" ተጽፎበታል። እንዳይጠፋ ተጠንቅቀውልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

6. ስለ መታገዱ። ሁለተኛው ትርዒት ሲያበቃ የኮሚቴው አባል አቶ አያሌው ከፊት ረድፍ ተነሱ። ይህን ግጥም ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። "ታላቁን ግጥም ከጭራው ጀመራችሁት! አባ መብረቅ የሚሞትበት ገጽ የት ገባ? ሳይሞት ምኑን ጀግና ሆነ?" አሉ። ከኋላ አንድ ተመልካች "ይኑርበት ጋሼ፣ ምን አጠፋ!" ብሎ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳይጎዳን አልቀረም። በሳምንቱ በተጻፈ ደብዳቤ "አርባ ሁለት ቅጠል በያዘ ደብተር ላይ የተመሠረተው ሥራ ቅደም ተከተሉ የተዛባ፣ ዋናው ክፍል የጎደለውና የጀግናውን ክብር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ" ሦስተኛው ትርዒት ተሰርዟል።

አቶ አያሌው ቢሯቸው ጠርተው ሙሉውን መጽሐፍ አሳዩኝ። በቁጣ አልነበረም። "ይኸውልሽ፣ የሚሞተው ገጽ 61 ላይ ነው። አንቺ ጋ የደረሰው ተበጣጥሶ ስለሆነ አይፈረድብሽም" አሉኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ጫማውን ስጠይቅ የእግዱ ጉዳይ እስኪያልቅ መጋዘን ይቆይ ተባልኩ።

7. ስለ አሁኑ ትርዒት። በሚያዝያ ወር አዳራሹ ራሱ ባቋቋመው ቡድን ያንኑ ግጥም በክላውን መልክ እንደሚያቀርብ ፖስተር ተለጠፈ። ሚያዝያ 25 ቀን እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጬ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቅደም ተከተሉ ተስተካክሏል። ጫማ ፍለጋው አለ። ወደ ግራ ዘንበል የሚለው አካሄድም አለ። አባ መብረቅን የሚጫወተው ወጣት አብኔዘር ይባላል፤ እግሩ ላይ ያለው የወንድሜ ጫማ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ስማችን ፖስተሩ ላይ ስላለመኖሩም አቤቱታ አላቀርብም። ሰብሊና ኤርሳዶ ይህን በራሳቸው ማመልከቻ ጠይቀዋል።

በአዲሱ አጨራረስ አባ መብረቅ ይሞታል። ባዶ እግሩን ተሸክመውት ይወጣሉ። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ጫማው ብቻውን መድረኩ መሐል ይቀራል። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ አልተነሳሁም። አጠገቤ የነበረች ሴት እጄን ይዛ "አይዞሽ እህቴ፣ ቲያትር እኮ ነው" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከሦስት ዓመት በላይ በየቢሮው ስዞር ማንም ደፍሮ ያላረጋገጠልኝን ነገር ይህ አዳራሽ በየቅዳሜው በአራት መቶ ሰው ፊት ያረጋግጣል።

8. ስለተሰጠኝ መልስ። ሰኞ ጠዋት አቶ አብዲሳ ዘንድ ሄድኩ። "እትዬ አዝመራ፣ በእኔ ቢሆን አሁኑኑ በፌስታል አድርጌ እሰጥሽ ነበር። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ግን ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ዕቃ አይወጣም። እሱ ደግሞ ለአዳራሹ ሠራተኛ እንጂ ለውጭ ሰው አይቆረጥም" አሉኝ። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብላቸው "ሲያረጅ አለ፤ ኮሚቴ ተቋቁሞ ይቃጠላል" አሉ። ቀጥለውም "ለምን በምትኩ አዲስ 44 ቁጥር አንገዛልሽም? ያውም የተሻለ!" አሉኝ። ለደግነታቸው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አልተቀበልኩም። በመጨረሻ የተነገረኝ የግዢ ደረሰኝ እንዳቀርብ፣ ካልሆነም የጫማው ባለቤት ራሱ ቀርቦ እንዲፈርም ነው።

9. ስለ ማስረጃ። ደረሰኝ የለኝም። ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርም ስለተባለው፣ እኔም ከዚያ የተለየ ልመና የለኝም።

የጫማውን ምልክት ግን መናገር እችላለሁ። የቀኙ ሶል በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነው፤ ሰይድ ያን ቀን ቡናማ ክር አልነበረውም። የግራውን ተረከዝ ከላይ ገልጫለሁ። ይህ ላይበቃ ስለሚችል እስካሁን ለሥራ ባልደረቦቼም ያልነገርኳቸውን እጽፋለሁ።

ገጽ 61 ደርሶኝ ነበር። ከአርባ ሦስቱ ቅጠል አንዱ እሱ ነው፤ የለውዝ ቅባት ከነካው በቀር ምንም ያልጎደለው፣ ቁጥሩም ያልተቀደደ ነበር። ቁጥራቸው የተረፈ ሌሎች ቅጠሎችም ስለነበሩ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ካወቅሁት ቆይቷል። መጀመሪያ ያዘበራረቅሁት ባለማወቅ ነው። እንደተዘበራረቀ የተውኩት ግን እያወቅሁ ነው። ወንድሜ ከጠፋ በሦስተኛው ወር ያን ቅጠል ከደብተሩ ላይ በውኃ አርሼ አላቀቅሁት፤ አራት ቦታ አጥፌም ከጫማው ጋር ለሰይድ ሰጠሁት። በቀኙ ጫማ ከውስጠኛው ገበር ሥር አስገብቶ እንዲሰፋው ነገርኩት። "ሴትዮ፣ ሰው ወረቀት ጫማ ውስጥ ያሰፋል እንዴ? ክታብ ነው?" አለኝ። "አይደለም፤ ዝም ብለህ ስፋው" አልኩት። በሁለቱም ትርዒት አባ መብረቅን ስሆን የሚሞትበትን ገጽ ረግጬው ነበር የምሄደው። አሁን አብኔዘር ሳያውቅ ይረግጠውና በመጨረሻ ይሞታል።

አቶ አያሌው ገጹ እንዳልደረሰኝ ሲያስቡ አላረምኳቸውም። ዝም ማለቴ እንደ ውሸት ከተቆጠረ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) አቶ አብዲሳ፣ ሰይድና እኔ ባለንበት የቀኙ ጫማ ውስጠኛ ገበር እንዲከፈትና የተናገርኩት እንዲረጋገጥ፤

ለ) ገጽ 61 ከተገኘ ለአዳራሹ እንዲቀር። ግጥሙን እንዳለ መጫወት መብታችሁ ነው፤ እኔ አልፈልገውም። ባዶ ጫማም ካስፈለገ ሌላ ጫማ አይጠፋም፤

ሐ) ጫማው በሚቀጥለው ቅዳሜ መድረክ ላይ ከመቅረቡ በፊት ሞዴል 22 ተቆርጦ እንዲመለስልኝ ትእዛዝ ይሰጡልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ነጩን ቁጥር ራሴ አጥበዋለሁ። ከመመለሱ በፊት እናሳምረው ተብሎ የግራው ተረከዝ እንዳይጠገን አደራ እላለሁ፤ ባለቤቱ የለመደው እንደዚያው ነው። ሠርግም አለብኝ ብሏል።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

አዝመራ ገረመው
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል