የደንገል መቀመጫ

ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.። ከሐይቁ ብርዳም ነፋስ ይነፍሳል። ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሰን እኔና ጎረቤቴ ዘሐራ እኔ ቤት ተቀምጠን ነበር።

ልጄ አስናቀች ድሬዳዋ ሆና ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና እንድትመጣ ልልክባት አስቤያለሁ። መልእክቱን የምታደርሰው ዘሐራ ናት፤ ሰኞ በመኪና እስከ ባቡሩ ሄዳ ለንግድ ወደዚያው ትሳፈራለች። የባቡሩን ነገር ጠየቅኋት።

«ወንበሩ ደረቅ ሳንቃ ነው፣ እታለም! ወላሂ፣ ስወርድ መቀመጫዬን እዚያው ረስቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር።»

ሳቅሁ። ኋላ ግን ፈራሁ።

«ታዲያ ትቅር?»

«ምነው! በሰው ቤት ልትወልድ?»

«እኔ ልሂድላት?»

«አንቺማ በዚህ ወገብሽ!»

ትምጣ ብል ሳንቃው፣ ትቅር ብል ወጉ፣ ልሂድ ብል ወገቤ። ጭንቅላቴ ዞረብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ደረቅ ደንገል ለምኜ አመጣሁ። በአሮጌ ጋቢ ጠቅጥቄ ሰፋሁት። ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁበት። ይመቻል።

ዘሐራ ስታልፍ አየችኝና «ለማን ነው?» አለችኝ።

«እሷ ብትመጣም እኔ ብሄድም፣ ለሚሳፈረው ሰው» አልኋት።