ዓረብኛ የተጻፈበት ኪኒን

ሰኞ፣ ጥር 4። ከቀኑ 9 ሰ.

ቆሮሶ እየፋቅኩ ጣቴን ቆረጥኩ። ዓሣው ምን አደረገኝ፣ ንዴቴ ነው። ጠዋት ደሴ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ዶ/ሯ ከማህፀኔ ግድግዳ የወሰደችውን ናሙና ውጤት ነገረችኝ። እዚያ ለፅንስ ቦታ የሚያሰናዱ የመከላከያ ህዋሳት አሉ፣ ሥራቸውን በሆርሞን ትእዛዝ ነው የሚሠሩት አለች። ያሳየኋት፣ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ሆርሞኑን ያግዳል፣ ፅንስ አያስይዝም፤ እርጉዝ ብትውጠውም ያስወርዳታል። ካቆምኩት ይስተካከላል።

ሁለት ዓመት! በየጠዋቱ፣ በገዛ እጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ!

ኪኒኑን ከዓረብ አገር የላከችው የባሌ እህት ሐሊማ ናት። ማህፀን የሚያጠነክር ቪታሚን ነው ተብዬ። ቁርኣን ስለቀራሁ ፊደሉን አነባለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅ። ዓረብኛ የተጻፈበት ሁሉ ኸይር መሰለኝ። ወይ ሞኝነቴ!

አማቴ መካን ብላኛለች። ባሌ ሰይድ ኒካሑ ላይ፣ መካን ካልሆነች ሌላ አላገባም ብሎ ለአባቴ ምሎ ነበር። አሁን ሌላ ሊያገባ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 6።

ሐሊማ ልትወልድ አገር ቤት ገብታለች። የሁለት ወር እርጉዝ። ነገ ለፅንሷ እዚሁ ቤት ወዳጃ አለ፤ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጉላታል። ሽንኩርት እየከተፍኩ እስቃለሁ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ። ሦስት ፍሬ ተርፎኛል። በሰው ፊት ውጪው እላታለሁ። ቪታሚን ከሆነ ትዋጠው! እምቢ ስትል አገር ይያት። ብትውጥስ? አትውጥም። የላከችውን ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ጥር 7። 11 ሰ.

ዱዓው መሀል ተነሳሁ። አንዱን መዳፏ ላይ አኖርኩ፤ ያንቺው ቪታሚን ነው፣ ለፅንስሽ አልኳት። ሐሊማ ሳቀች። ጀዛኪላህ ብላ ውሃ ጠየቀች።

ያ ረቢ፣ አታውቅም! አፏ ጋ ሳይደርስ እጇን መታሁት። ብርጭቆው ተሰበረ። አማቴ፣ ይቺ አበደች ብላ ጮኸች።

ሐሊማን ጓዳ አስገብቼ የዶ/ሯን ወረቀት አሳየኋት። ሆዷን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን ከፈተች። ኪኒኑን ስትገዛ የደረሳት መልእክት አልጠፋም። ለሚስቴ ቪታሚን ነው፣ ይሄንን ግዢላት ብሎ የኪኒኑን ስም የጻፈላት ሰይድ ነው።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ሰው ፊት፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አልከፋባትም ይል ነበር እኮ። እኔን መካን አድርጎ ከመሐላው ሊወጣ!

ነገ ጁምዓ ነው። ከሶላት ሲወጡ ሽማግሌዎቹ መስጊዱ ደጅ ይቀመጣሉ፣ አባቴም አለ። ሐሊማ ስልኳን ይዛ ትመጣለች፤ ወላሂ ብላለች። የቀሩትን ሁለት ኪኒኖች ሰይድን አስይዘዋለሁ። ለሐሊማ የጻፈላትን ያንኑ ስም ጮክ ብሎ ያነባል፣ አባቴ እየሰማ። ከዚያ ፍቺዬን ይሰጠኛል።