ፊቱን ወደ ደጅ ያዞረ ጫማ

ናምሄ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን
የመኸር በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን

ለምራቴ ለቶሞኤ፣

አንቺን፣ ልጄን ጉንሆንና ትንሿን ሩሚን እግዚአብሔር በደህና ያውላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዛሬስ ደህና ነኝ ስል እውነቴን ነው። ይህን ደብዳቤ ራስሽ መዝገበ ቃላት እያየሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ባልሽ ያንብብልሽ እንዳልል፣ መሀሉ ላይ ሲደርስ በእኔ ተናዶ ወረቀቱን የሚጥለው ይመስለኛል። አንቺ ከጨረስሽ በኋላ ግን ስጪው፤ ይናደድ፣ ይገባኛል።

በመጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ልንገርሽ። ጉልበቴ ታሞ አያውቅም።

በየሁለት ወሩ የምትልኪልኝን የጉልበት መለጠፊያ አንድም ቀን አልለጠፍኩትም። ለቤተ ክርስቲያናችን ባልቴቶች ሳድለው ኖርኩ። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቱ ሁሉ ያንቺን መድኃኒት ይሸታል። በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ «አባባ፣ ጉልበትዎን ብርድ እንዳይመታው» ብለሽ የጻፍሽውን ወረቀት ግን አልጣልኩም። አሥራ ስድስቱም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ለምን እንደዋሸሁሽ የገባኝ ባለፈው እሑድ ነው።

እናታችሁ ከሞተች ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ ቆሜ ሰው የምቀበለው ብቻዬን ነው። ድሮ ሁለታችን ነበርን። «አንተ እንግዳ ስትቀበል አፍህ ይበዛል፣ ዓይንህ ያንሳል» ትለኝ ነበር። በመኸር በዓል ደግሞ ከሴኡልና ከቡሳን የሚመጣው ልጅና የልጅ ልጅ ያቺን ትንሽ ቤት ይሞላታል፤ ደጃፉ ላይ የወለቀው ጫማ መርገጫ ያሳጣል። ፓስተራችን ጠዋት፣ «ጋሼ ሳንግጊል፣ ለበዓል ብቻ የመጣ ሰው ባይተዋርነት እንዳይሰማው፣ አደራ» አሉኝ። «ለእኔ ይተዉት» አልኩ። ኩራቴን አየሽልኝ?

ከዚያ ባልና ሚስት መጡ፤ ሸምገል ያሉ፣ ያንቺ አገር ሰዎች፣ ጃፓኖች። ለዕረፍት መጥተው ወደቡ ዳር ካለው ማረፊያ ያደሩ ናቸው። በአፌ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩ። ከዚያ በሩ ሥር፣ ነፋስ የሚገባበት ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊት ለፊት ሁለት ቦታ ባዶ ነበር። «መውጣት ቢፈልጉ ይቀላቸዋል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እኔ ለራሴ የምነግረው ምክንያት ሁልጊዜ ያማረ ነው።

የመጨረሻውን መዝሙር ስንዘምር ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወጣች። ቡራኬው አብቅቶ በሩን ስንከፍት አርባ ምናምን ጥንድ ጫማ ሁሉ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተሰልፏል። ሴትዮዋ ጥግ ላይ ተንበርክካ የመጨረሻዎቹን ታስተካክላለች።

እትዬ ኦክቡንን መቼም አትረሻትም፤ ሠርጋችሁ ላይ ማንም ሳይጠይቃት የዘፈነችው ናት።

«እንዴ! ማነው የሚያባርረን?» አለች። «ገና ሾርባው እንኳ አልወጣም!»

«አንቺንማ አውቀው ነው፤ አምና አራት ሳህን ጠጥተሻል» አላት አንዱ ከኋላ።

«ሳንግጊል! አንተ ነህ? እንግዳ ተቀበል ብንልህ ባለቤቱን ታስወጣ ጀመርክ?»

እንዲህ የዞረ ጫማ አውቃለሁ። አንቺ ቤት አይቼዋለሁ።

እናታችሁን በቀበርኩ በስድስተኛው ወር ፉኩዎካ ድረስ መጣሁ። አምስት ቀን ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። ጫማዬን አውልቄ ገብቼ፣ ገና ሳልቀመጥ ዞር ስል፣ አንቺ ደጃፉ ላይ ተንበርክከሽ ጫማዬን ወደ በሩ ታዞሪያለሽ። እኛ ዘንድ ጫማ እንደወለቀ ይቆያል፤ የእንግዳን ጫማ ወደ ደጅ ማዞር «መንገዱ ያውልህ» ማለት ነው። ሚስቱን የቀበረ ሰው ደግሞ በየሄደበት የሚዘጋ በር ይታየዋል። በማግስቱ «ጉልበቴን አመመኝ» ብዬ ተመለስኩ። ጉንሆ ሲደውል ጉልበቴ፣ ሩሚ ስትወለድ ጉልበቴ። ባለፈው ወር ደውለሽ «ለመኸር በዓል እንምጣ?» ስትይኝ እንኳ «ነጭ ሽንኩርት የምንተክልበት ጊዜ ነው፣ አይመችም» አልኩሽ። «እሺ አባባ» አልሽ። ያቺ «እሺ» ስንት ሌሊት ቀሰቀሰችኝ መሰለሽ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሴትዮዋ ጫጫታው በእሷ ምክንያት መሆኑ ሲገባት ፊቷ ቀላ፣ ጎንበስ ቀና ትል ጀመር። የፓስተሩ ባለቤት በልጅነታቸው ኦሳካ ፋብሪካ ሠርተዋልና ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ቀርበው አነጋገሯት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ትላለች» አሉን። «ይሄ የቤት ባለቤት ሥራ ነው፣ እንግዳ አያደርገውም፤ ግን መዝሙሩን ስሰማ ቤቴ መሰለኝና ረሳሁት ነው የምትለው። ሰው ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ጫማ እንዳያዞር፣ እግሩን ብቻ እንዲያስገባ ነው አሉ።»

«እና ለዚህ ብላ ይሄን ጭቃ የጠገበ ጫማዬን በእጇ?» አለች እትዬ ኦክቡን። ድምጿ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ሂዱልኝ ማለት አይደለም?»

ሴትዮዋ ጥያቄው ሲደርሳት ዓይኗ ፈጠጠ። መልሱን ስሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንዲሄድልኝ የምፈልገውን ሰው ጫማማ አልነካም» ነው ያለችው።

ቶሞኤ ልጄ፣ እኔ ፉኩዎካ የመጣሁ ዕለት የሰባት ወር እርጉዝ ነበርሽ። በአንድ እጅሽ ግድግዳውን ይዘሽ ነበር የተንበረከክሽው። ይህን ሁሉ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ነው ያነሰው። ሃያ ዓመት ሰው ስቀበል የኖርኩ ሰው፣ እኔን ራሴን ሰው ሲቀበለኝ አላወቅኩትም። ይቅር በዪኝ።

«ምን ሆንክ? ጉልበትህ ነው?» አለችኝ እትዬ ኦክቡን። «ጉልበቴ ደህና ነው!» ብዬ ጮኼ ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የደረቴ ድንጋይ ሲወርድ ድምፁ የተሰማ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንግዶቹን እጃቸውን ይዤ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸው፤ በጥድ ቅጠል ላይ የበሰለውን የበዓሉን የሩዝ ቂጣ፣ ሶንግፕዮኑን፣ ራሴ አቀረብኩላቸው። ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣሁ። እናታችሁ ከሞተች ወዲህ ሾርባ ጨው እንዳለው የታወቀኝ ያን ቀን ነው።

ሰኞ ደወልኩልሽ፣ ታስታውሻለሽ? «ጉልበትዎስ?» ስትይኝ «ተሽሎኛል» አልኩሽ። አሁንም ዋሸሁ። በአፌ አልወጣ ቢለኝ ነው በእጄ የምጽፈው።

ለአዲስ ዓመት ኑልኝ። ሽንኩርቱ ተተክሏል፤ ባይተከልም ኑ። የኋለኛውን ክፍል የግድግዳ ወረቀት ቀይሬ ለጥፌዋለሁ፣ ወለሉም ይሞቃል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ። ደጄ ላይ ጫማሽን ወደ ውጭ አላዞርልሽም። ፊቱ ወደ ውስጥ እንደሆነ ብታገኚው አትቀየሚኝ፤ በእኛ ቤት ቆዩልን ማለት ነው። አንቺ ግን የእኔን እንደ አገርሽ ልታዞሪው ትችያለሽ። አሁን አነበዋለሁ።

መግቢያችሁንም መውጫችሁንም የሚያይ አምላክ ሦስታችሁንም በእጁ ይዞ ያድርስልኝ።

አባትሽ
ፕዮ ሳንግጊል

ይህን ረስቼ፦ መድኃኒቱን ከእንግዲህ አትላኪ ልልሽ ነበር፤ እትዬ ኦክቡን ሰምታ «የአንተ ጉልበት ቢድን የእኔ ምን አጠፋ?» ብላ ተቆጣችኝ። እንደ ፈቃድሽ። ደግሞ የሩሚን እግር ወረቀት ላይ አስረግጠሽ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረሽ ላኪልኝ። የጎማ ጫማ ልገዛላት ነው። ደጃችን ያለው ድንጋይ ላይ የእኔና የእናታችሁ ጫማ ብቻ ነው ያለው፤ መሀላቸው ላይ ለትንሽ ልጅ ጫማ የሚበቃ ቦታ አለ።