መሪውን የያዘው ማን ነበር?

ዲላ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲሞን፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናህንም አልጠይቅህም። ሐዋሳ ለሥራ ሄደህ ጸሎት ቤት በሰጠኸው ምስክርነት ቪዲዮ ላይ አይቼሃለሁ፤ ወፍረሃል። እኛ ደህና ነን። ሳሮን የሒሳብ ፈተናዋን አልፋለች፣ ደስ ካለህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የፊታችን እሁድ እዚህ ዲላ ስትመሰክር አጠገብህ ቆሜ «አሜን፣ የሆነው እንዲሁ ነው» እንድልልህ ትፈልጋለህ። ወይ ጉድ! ደውለህ ለመጠየቅ እንኳ ፊት አጣህ።

እስቲ የሆነውን ላስታውስህ። ከፍስሐ ገነት፣ ከለቅሶ ስንመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ «ቀስ በል፣ ጭቃ ነው» አልኩህ። «አንቺ ደግሞ! መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?» አልከኝ። ኩርባው ጋ መኪናዋ ስትንሸራተት ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይልህ ረገጥከው፤ ጭራሽ በጎኗ ወደ ገደሉ መሄድ ጀመረች። ይሄኔ «ኢየሱስ!» ብለህ በርህን ከፍተህ ዘለልክ። ልጅህ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፣ ሲሞን። ከኋላ ወንበር ላይ!

የቀረውን አታውቀውም፤ አልነበርክማ። አባቴ ባልቻ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ሲነዳ «ስትንሸራተት ፍሬን አይነካም፤ መሪውን የኋላዋ ወደሚሄድበት ማዞር ነው» ይል ነበር። ባንተ ወንበር ላይ ተጋድሜ መሪውን ያዝኩና እንዳለው አደረግኩ። መጀመሪያ አልታዘዝ አለችኝ። ጎማዎቹ መሬት ሲይዙ ግን ተሰማኝ፤ ቀስ አድርጌ መለስኩት። ቀጥ ስትልልኝ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ ሳብኩ። አንድ የቡና ዛፍ ገጭተን ቆምን።

በቪዲዮው ላይ ግን «ባለቤቴ ታለቅሳለች፤ ጌታ እጆቼን አበረታ፤ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ» ትላለህ። ሰዉም እልል ይላል። የትኞቹን እጆችህን ነው? ጭቃው ላይ የተዘረጉትን?

መዝለልህን ይቅር ብዬህ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፈራህ፤ ማንም ይፈራል። የተላጠውን ጉልበትህን ያጠብኩልህ እኔ አይደለሁም? አንድ ክፉ ቃል ወጣኝ? ሳሮን «አባዬ ለምን ወረደ?» ስትለኝ «ሰው ሊጠራልን ሮጦ ነው» አልኳት። ልጄን የዋሸኋት ላንተ ስል ነው።

ቅዳሜ ጎረቤት ቤት ቪዲዮውን አይታ መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቴ ቆማ «እኔ ሲወርድ አይቻለሁ፤ አባዬ ግን እየነዳሁ ነበር ይላል። አንቺ ደግሞ ሰው ሊጠራ ነው ብለሽኛል። ሁለታችሁም ትዋሻላችሁ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምነግራትን ሁሉ «እውነት?» ትለኛለች። ወጡ አያቃጥልም ስላት እንኳ «እውነት?»

እሁድ አጠገብህ አልቆምም፤ ቁርጥህን እወቅ። ከምስክርነትህ በፊት ቤት ና፤ ቁጭ ብለህ ለልጅህ ከገዛ አፍህ ንገራት። እኔም የዋሸኋትን እነግራታለሁ። ብቻዬን ግን አልነግራትም፤ የአባትን ነውር ከእናት አፍ መስማት የለባትም። እሷ ይቅር ካለችህ የእኔ ቀላል ነው። ካልመጣህ እዚያው እልልታህን አድምጥ፤ ይሄን ቤት እርሳው።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። መንገዱ አሁንም ጭቃ ነውና ስትመጣ ራስህ እንዳትነዳ።

የሳሮን እናት
ጥሩብርሃን ባልቻ