ጥጉ ያልተሰፋው ድሪቶ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለጥንት ወዳጄ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ካለም ሁሉም ደኅና ይሁን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጣናም እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይቆጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ያልጻፈች ሴት ዛሬ ምን አስነሣት እንደሚሉ አውቃለሁ። አንቱ እያልሁ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ፤ አልሆነልኝም። አንተ ልበልህና ልቀጥል። ቅር ካለህ ይቅር በለኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር ሳለህ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ፊደል ስታስቆጥረኝ «ኀ» ላይ አቁመህ ነው በጥቅምት ተዛውረህ የሄድህ። የቀረውን ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለቃቅሜ ተማርሁ። ስሕተት ብታይ አትሳቅብኝ፣ ያረመልኝ ሰው የለም።

ከ1977 ጀምሮ እዚህ ዓባይ ማዶ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን ድሪቶ እንሰፋለን። በወረቀት ላይ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የእጅ ሥራ ክፍል ነን፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ድሪቶዎቹ» ይለናል። ሸጊቱ የምትባል ከወለጋ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጣለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አስፈቅዳ በጆንያ ታመጣልናለች። እኛ በየቀለሙ ለይተን እንቀጣጥለዋለን፣ መሐሉ ላይ ያረጀ ጋቢ አንጥፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመርፌ እንወጋዋለን። ለአራስ ሰጥተናል፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሽማግሌ ሰጥተናል። የመጀመሪያዎቹን ግን የሰጠናቸው ድርቅ አፈናቅሏቸው ወደ ጳዌ ለሚወሰዱ ሰዎች ነበር፤ የጫኗቸው መኪኖች መሸንቲ ላይ ሲቆሙ ሄደን አደልናቸው። አንድ አዛውንት ተቀብለው ገለባብጠው አዩትና፣ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቀለም ለእኔ ነው ወይስ ሙሽራም አብሮ ይሰጠኛል ብለው መኪናውን ሙሉ አሳቁት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለቁስለኞች እንሰፋለን።

ለካድሬው የማንነግረው አንድ ልማድ አለን። ድሪቶው ሲያልቅ አንዱን ጥግ ሳንሰፋው እንተዋለን። መሪያችን ወይዘሮ የሻሽወርቅ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ከዘጌ ገዳም ግንባር የሚቀባውን እምነት ያስመጣሉ። ቁንጥር ታህል በጨርቅ ቋጥረን በጥጉ እናስገባና የሰፋችው ሴት ራሷ ትዘጋዋለች። ስትዘጋው የሚለብሰውን ሰው ስም ትጠራለች። ስሙን ካላወቀች «የእናቱ ልጅ» ትላለች።

አሁን ወደ ጭንቄ ልግባ። ልጅ አለኝ። አምሐ ይባላል፣ በሰኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። በትምህርት ቤት መዝገብ የአባቴ ስም ነው አባት ሆኖ የተጻፈለት።

አምና ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ ዘጌ ወንድሜ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ደበቅሁት። ለቀበሌው አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሄዷል አልሁ። ለፋሲካ ናፈቅሽኝ ብሎ በታንኳ መጣ፤ ከዚህ የወሰደውን ድሪቶም ይዞት መጣ። በማግሥቱ አየሁት፣ የጫካ ጭቃ ይዟል። ከራሴው ጋር ጣና ዳር ወስጄ አጠብሁና ሁለቱን አጥር ላይ አሰጣኋቸው። ያን ያህል ስሰፋ ኖሬ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ድሪቶ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር እንደሚናገር አላሰብሁም። አንድ የአብዮት ጥበቃ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አየና፣ እናትዬ፣ ብቻሽን እየኖርሽ ሁለት ድሪቶ፣ ዘንድሮ ጣና በረዶ ሆነ እንዴ አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ቀትር ሳይደርስ ሦስት ጥበቃዎች ሆነው መጡ። አምሐ እየበላ ነበር። ድሪቶውን ከአጥሩ ላይ እርጥቡን አንሥቼ ትከሻው ላይ ጣልሁለት፤ ሌላ የምሰጠው ነገር አልታየኝም። በሩ ላይ ዞሮ፣ እማ፣ ማን ጠቆመብኝ አለኝ። አልመለስሁለትም። ይኸው ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሳምንት አውሮፕላን ከአሥመራ ቁስለኞች አመጣ። የለበሱትን እንድናጥብና እንድንጠግን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ላኩልን። ሸጊቱ ክምሩን ስትፈታ ሰማያዊውን ከቀዩ ያገጠምሁት፣ መሐሉ ላይ የአምሐ የልጅነት ሸሚዝ ኪስ ያለበት፣ የእኔው ድሪቶ ወጣ። ጥጉ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። ስፌቱ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይረግጣል፣ ጨርቁም ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ይሄንንስ የሰፋው ጠጅ ቤት ውሎ የገባ ነው ብለው ሊስቁ ጀምረው፣ ፊቴን ሲያዩ ዋጡት።

ለብሶት የመጣውን ቁስለኛ ሆስፒታል ሄጄ ፈልጌ አገኘሁት። አለበል የሚባል የዳንግላ ልጅ ነው፣ እግሩን ተመትቷል። እማማ፣ አውሮፕላን ላይ ብርዱ እንዳይገድለኝ ብሎ አምሐ ነው ያለበሰኝ አለኝ። የልጄ ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች የለም። አሥመራ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ሳለ ጥጉን በጥርሱ ፈትቶ እምነቱን አውጥቶ የሁሉንም ግንባር ቀባቸው፤ ባዶውን ጥግ ደግሞ ጨርቁን በጥርሱ ይዞ በግራ እጁ መልሶ ሰፋው። ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት ብቻ አቃተው፤ ቁስል የሚያጥብ አንድ ሽበታም ድሬሰር አለ፣ እሱ አስገባለት አለኝ። ስሙን ጠየቅሁት። ስምህን ነገረኝ። የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምሁ።

አለበል ሲለየው አምሐ እህል ከተወ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ውኃ ብቻ ይጠጣል፣ ቁስሉም አልደርቅ ብሏል። ወደ ቤትህ ትላካለህ ቢሉት ተመልሼ ሸክም አልሆናትም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ግን ሌላ ነገር እፈራለሁ። አጥሩን፣ የተሰጣውን ድሪቶ አስቦ ደርሶበት፣ ያስያዘችኝ እናቴ ናት ብሎ እንዳይሆን።

አሥመራ ልሂድ ብዬ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ለመንሁ። ሊቀ መንበሩ፣ አሥመራ የሚሄደው ወታደር ነው ወይም ወታደር የሚፈልገው ነው፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ አለኝ። እናቱ ነኝ የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዝም አልሁ። ዝም ማለት ልማዴ እንደሆነ ታውቃለህ። ስትሄድም የምነግርህ ነገር ይዤ መኪናው ድረስ ሸኝቼህ፣ ዝም ብዬ ነው የተመለስሁት።

ስለዚህ ከአንተ በቀር ማንም የለኝም። ዛሬውኑ አልጋው ድረስ ሂድልኝ። እጅህን ታጥበህ አጉርሰው፤ ከእጅ ሲጎርስ አይግደረደርም፣ ሕፃን ሳለ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ማን ጠቆመ ላለኝም መልሱን ንገርልኝ። እኔ ነኝ፣ ያጠብሁት ድሪቶ ነው። ይቆጣኝ ግድ የለም፤ በልቶ ይቆጣኝ፣ መጥቶ ይቆጣኝ። ሸክም አልሆናትም ላለው ደግሞ፣ አንድ እጅ አንሶ ከሆነ የእኔ ሁለቱም አሉ በለው።

ምናልባት እሱ ይሁን ሌላ ብትጠራጠር፣ ከግራ ጆሮው ፊት በመርፌ የተወጋች የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የተወለደ ቀን አዋላጇ አይታት፣ ይቺስ ደግሞ ከማን መጣች ብላ ጠየቀችኝ፤ ያኔም ዝም አልሁ። ጣቴ ግን ከዚያ በፊትም ያውቃት ነበር።

ድሪቶውን መልሼ ልኬዋለሁ፤ በአየር ማረፊያው የሚሠራ የሸጊቱ ዘመድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሃል። ሴቶቹ የተቀደደውን ሲጠግኑ ሁሉም ከለበሱት ላይ ቆርሰው ሰፉበት። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የነጠላቸውን ጥለት ቀደዱ፣ ሸጊቱ የሥራ ቱታዋን ኪስ ፈታች፤ ኃላፊዋ ቢጠይቃት አይጥ በላው ልትል ነው። እኔ ምን እንደጨመርሁ ስታየው ታውቀዋለህ፤ ያኔ ስትሄድ ጥለህብኝ የሄድኸው ነጭ ካፖርት ነው፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥሁትም ነበር።

አንዱን ጥግ አልሰፋሁትም። አዲስ እምነት ውስጡ አለ፣ መርፌና ክርም ሰክቼበታለሁ። እሱ ራሱ በግራ እጁ ይዝጋው። አንተ ክሩን ብቻ አስገባለት። ባለፈው ማን እንደሆነ ሳታውቅ አስገብተህለታል፤ አሁን እያወቅህ አስገባለት። ሲዘጋውም ስም መጥራት አለበትና፣ የሚጠራው ስም ከጠፋው የአንተን ንገረው።

የጣና ገዳማት ጸሎት አይለይህ። ዓይንህን ያቆይልህ፣ እጅህን አያንቀጥቅጠው። እግዚአብሔር ሁለታችሁንም በአንድ መኪና ያምጣልኝ።

ድሮ ፊደል ያስጀመርሃት፣
የአምሐ እናት